የኦም ኢዛክ ጣት

ከራሱ ማሰሮ ይልቅ የጎረቤቱ ማሰሮ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው የሌለበት መንደር በዓለም ላይ የለም። ቢኖርም ሰው አይበረክትበትም፤ ጥፋቱን የሚነግረው ጎረቤት ከሌለ ሰው ምን ይዞ ይውላል? እኛን የሳሌምስዳል ሰዎችን እግዚአብሔር በዚህ በኩል አልነፈገንም። ኦም ኢዛክ አፖሊስን ሰጥቶናል። እኔን ደግሞ ከሁሉም አብልጦ አስታውሶኛል፤ በእሳቸውና በእኔ ግቢ መካከል ያለው ወገቤ ላይ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ አዛውንቱን «ኦም»፣ አሮጊቷን «ታኒ» ብለን እንጠራለን። ክቡር ኦም ኢዛክ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ቁመታቸው አጭር፣ ኮፍያቸው ሰፊ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ቱባ የሚባለውን ትልቁን ጡሩምባ ሲነፉ ሃምሳ ዓመት ስለሞላቸው፣ ምክር ሲሰጡም ትንፋሽ አያጥራቸውም። ማንም ሳይሾማቸው አበባ የተተከለባቸው የመንደሩ ማሰሮዎች ሁሉ ዋና ተቆጣጣሪ ናቸው። መሣሪያቸው የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ነው። በሰው በር ሲያልፉ ይቆማሉ፤ ጎንበስ ይላሉ፤ ጣታቸውን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ይሰዳሉ፤ አውጥተው ያሸታሉ። ነገሩ ከባድ የመሰላቸው ዕለት ይቀምሱታል። ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ስለዚህ በሳሌምስዳል ማሰሮ ላይ የጣት ጉድጓድ ያየ ሰው ማን መጥቶ እንደነበር አይጠይቅም።

«ሌባ እንኳ ይሄን ያህል ዱካ አይተውም» ትላለች ከመንገዱ ማዶ ያለችው ዶርቲ።

ስለ ራሴ ብዙ የሚወራ የለኝም። ከኮረብታው ጀርባ ባለው የአበባ እርሻ፣ በማሸጊያው መጋዘን ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ፕሮቲያ ይመጣል፣ የታችኛውን ቅጠል እመለምላለሁ፣ አገዳውን እኩል እቆርጣለሁ፣ አስሬ ሳጥን ውስጥ አስተኛዋለሁ፤ ሳጥኑ ወደማላውቀው አገር ይሄዳል። ያን ሁሉ ዓመት አንድም የራሴ ፕሮቲያ አልነበረኝም። እናቴም እንደዚሁ ነበረች። እሷ በዘመኗ ከተራራው ላይ ለቅማ በጭንቅላቷ ተሸክማ ታወርድ ነበር። ስትሞት በየፋሲካው መቃብሯ ላይ የማደርግላት ከመጋዘኑ የተረፈውን፣ አንገቱ የተሰበረውን፣ ሳጥን ያልተቀበለውን ነበር።

እኛ ዘንድ ፋሲካ ሳይነጋ ይጀምራል። የመቃብሩን ድንጋይ ሁሉ በዚያው ሳምንት ኖራ ቀብተን እናነጣዋለን፤ እሑድ ጎህ ሲቀድ የሙዚቃ ጓዱን ተከትለን እንወጣለን፤ እያንዳንዱ ሰው አበባውን ይዞ ከወገኑ ራስጌ ይቆማል። ሥራ የለቀቅሁ ዓመት የስንዝር ያህል ንጉሥ ፕሮቲያ ገዛሁና ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ይህን መቀስ አይነካውም። የመጀመሪያ አበባውን ሲያወጣ ከነሥሩ፣ ከነማሰሮው በእጅ ጋሪ አድርጌ ለእናቴ እወስደዋለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ያልተቆረጠ አበባ ትይ።

የግቢዬ መሬት ውኃ የሚያቁር ጭቃ ስለሆነ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ተከልኩት። ማሰሮ ባለበት ደግሞ ኦም ኢዛክ አሉ።

ገና በሁለተኛው ወር ነው የተያዝኩት።

«ሲቢላ!» አሉ ከካቡ ማዶ።

«አቤት ኦም ኢዛክ።»

«ይሄ የሚሸተኝ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል… ትንሽ የዶሮ ኩስ ጣል አድርጌለት ነው። ከስቶ ሳየው አሳዘነኝ።»

«አሳዘነሽ! ይሄ ድንጋይ መሃል ተወልዶ አሸዋ በልቶ ያደገ ነገር ነው። ዕድሜ ልኩን ሾርባ የጠጣን ሰው በአንድ ምሳ ሙሉ በግ ብታበይው ምን ይሆናል?»

«ይጠግባል?»

«ይሞታል!»

ካቡን ተሻግረው መጡ። በሰባ ሁለት ዓመታቸው ካብ ሲሻገሩ ማየት ራሱ አንድ ትርኢት ነው፤ ኮፍያው ቀድሞ ያርፋል። በእኔው የሾርባ ማንኪያ ኩሱን አንድም ሳያስቀሩ ጠርገው አወጡት። ሥሩ እንዳይነካ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። «አትንኪው!» አሉኝ ሲጨርሱ። «ማዳበሪያ አይወድም፣ ኖራ አይወድም፣ መቆፈር አይወድም። ጠዋት ጠዋት ሥሩን አጠጪው፣ የጥድ ቅርፊት አልብሺውና አትንኪው! ፍቅርሽን ለድመት አድርጊው።»

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለመጋቢው ሚስት፣ በደጁ ላለው ሕዝብ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሲቢላ ልትገድለው ስትል ደረስኩ» ሲሉ ነገሯት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ሰው ሁሉ «ገዳይዋ፣ እንዴት አደርሽ?» ይለኝ ነበር። ሰላምታ መመለስ እንኳ የሚያሳፍረኝ ሰው ነኝና መንገድ እየቀየርኩ ሄድኩ።

የሳህኑ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ደጁ እንዳይጨቀይ ከማሰሮ ሥር ሳህን ያስቀምጣል። በኦም ኢዛክ ሕግ ይህ ወንጀል ነው፤ ፕሮቲያ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ አይተኛም፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ምክር ቢሰጡ ደግ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳህኑን ይወርሳሉ። ውኃውን ደፍተው በብብታቸው ሸጉጠው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ከኮምጣጤና ከሪ ከሚባለው ቅመም ጋር የዘፈዘፍኩትን ዓሣ ላደርስላቸው ወጥ ቤታቸው ገብቼ መደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ ሳህን ተደራርቦ አየሁ። አራቱ የእኔ ነበሩ። ከላይኛው ድመታቸው ወተት ትጠጣለች።

ነፋሱንም አልተውትም። «ፕሮቲያ ደረቱን ለነፋስ ሰጥቶ የሚቆም ነው፤ እዚህ ጥግ ወሽቀሽ አታፍኚው» ብለው ማሰሮዬን ከጥግ ወደ ካቡ፣ ከካቡ ወደ በሩ፣ ከበሩ ተመልሶ ወደ ካቡ በእጅ ጋሪ አስገፍተውኛል። የመጋቢው ሚስትማ ምክራቸውን አልሰማ ብላ የራሷን ፕሮቲያ ሳሎን ውስጥ፣ ከፒያኖው አጠገብ፣ በሚያብረቀርቅ ማሰሮ አስቀመጠችው። ሲደርቅ ኦም ኢዛክ ተጠርተው ሄዱ። ጣታቸውን ሰደዱ፤ አሸተቱ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ይህች ተክል» አሉ በቀብር ድምፅ፣ «ከተራራ መጥታ በመጋረጃ ሞተች። እኔ ብዬ ነበር።» የመጋቢው ሚስት ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ሮጠች።

«እኔ ብዬ ነበር» ማሳረጊያቸው ነው። ዝናብ ሲዘንብም ብለው ነበር፤ ሲቀርም ብለው ነበር።

የእሳቸው ግቢ ውስጥ ታዲያ አንድም ፕሮቲያ የለም። በቀለም ቆርቆሮ የተተከለ ቲማቲም ብቻ ነው ያላቸው። አንዴ ደፈር ብዬ «የእርስዎስ ፕሮቲያ የት አለ ኦም ኢዛክ?» አልኳቸው።

«ሐኪም በራሱ ቤት በሽተኛ አያሳድርም» አሉኝ።

ዶርቲ እንደምትለው ከሆነ አራት ተክለው አራቱንም ገድለዋል። «አትንኪው የሚሉት እኮ ለራሳቸው ነው። ያ ጣት አርፎ መቀመጥ መች ያውቅና!»

እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስት ዓመት ሞላን። በዚህ ዓመት ጥር ላይ ከጫፉ የዕንቁላል ያህል እምቡጥ ብቅ አለ። ያየሁት እኔ ነኝ ብዬ ነበር፤ ወደ አፈሩ ሳይ ግን የጣት ጉድጓድ አለ። ቀድመውኛል። ካቡ ላይ ክርናቸውን ተክለው፣ «ከፋሲካ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ከንፈሩን ይከፍታል። እናትሽ ዘንድ ጋሪውን እኔ ነኝ የምገፋው» አሉ፤ የገባሁትን ቃል አንድ ቀን ነግሬያቸው ነበር።

«ቱባውንስ ማን ይነፋል?»

ይህን አላሰቡበትም ነበር። ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ወደ ቲማቲማቸው ሄዱ።

መጋቢት ላይ ዓይኔን ልታከም ኬፕ ታውን ልጄ ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። ሦስት ሳምንት ነው። ማሰሮዬን ለማን እንደምተው ጥያቄ አልነበረውም። «ጠዋት ጠዋት አንድ ቆርቆሮ ውኃ ብቻ ኦም ኢዛክ» አልኳቸው። ወይ ጉድ! ይህን ለእሳቸው መናገር! ለሊቀ ጳጳስ አባታችን ሆይን እንደማስጠናት ነው። ኮፍያቸውን ነካ አድርገው ሸኙኝ።

ለፋሲካ አሥር ቀን ሲቀረው ተመለስኩ። አዲሱ ዓይኔ ሁሉን ነገር አጥርቶ ያሳየኝ ነበር፤ የጣሪያዬን ሣር አንድ በአንድ መቁጠር እችል ነበር። ግቢ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ማሰሮዬን ነው። ነጭ ሆኗል። እንደ መቃብር ድንጋይ ጥርት ያለ ነጭ። ቀጥሎ ቅጠሉን አየሁ። ቢጫ ሆኗል፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀርቷል። አፈሩ ላይ የጣት ጉድጓድ የለም። ካቡ ላይም ሰው የለም።

የሆነው ነገር ይኸው ነው። በእኛ መንደር ፋሲካ አንድ ወር ሲቀረው ኖራ መበጥበጥ ይጀመራል፤ ያኔ ሰው ይሰክራል። ቤቱ ይቀባል፣ ካቡ ይቀባል፣ መቃብሩ ይቀባል፤ ብሩሽ የያዘ ሰው የሚቀባው ሲያጣ የበሩን ድንጋይ ይቀባል። ቆሞ የሚያንቀላፋ ውሻ ካለ እሱም ይነጣል። ኦም ኢዛክም ከእኛው አንዱ ናቸው። ማሰሮው ለእናቴ ሲሄድ አምሮበት ይሂድ ብለው በሄድኩ በማግስቱ ቀቡት። በዚያው ቀን ከሰዓት ዝናብ መጣ።

ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ።

«ከውጭ ብቻ ነበር የቀባሁት» አሉ ወደ ጫማቸው እያዩ። «ከዚያ የማሰሮው አፍ ቡራቡሬ ሆኖ አስቀየመኝ። ከውስጥ በኩል ትንሽ ነካ አደረግሁት። ዝናቡ አጥቦ ይዞት ገባ። ኖራ እኮ መርዙ ነው ሲቢላ። ስድስት ዓመት ሙሉ ማን ነበር ሲነግርሽ የነበረው?»

«እርስዎ ነበሩ» አልኩ።

«እኔ ነበርኩ» አሉ። «እኔ ብዬ ነበር» አላሉም።

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ግን የሚቆጡት ሰው ከራሱ በላይ ሲቆጣ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ቁጣ የለም። ጠብቀን እንየው ተባባልን። ሰኞ ጠዋት፣ ፋሲካ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ የቅጠሎቹ ጠርዝ መጥቆር ጀመረ። እምቡጡ የቡጢ ያህል ሆኖ እንደተዘጋ ነው። ሥሩ አያበላውም፤ እዚያው እንዳለ ይደርቃል።

ኦም ኢዛክ ካቡን ተሻግረው አጠገቤ ቆመዋል። የእምቡጡን ጫፍ በአውራ ጣቴ ቀስ አድርጌ ዳሰስኩት። እንደ ሕፃን ጆሮ ለስለስ ብሏል። ይህን እኔ አውቀዋለሁ። ኦም ኢዛክ ያልዋሉበት ትምህርት ቤት ይህ አንዱ ብቻ ነው። ጫፉ ሳይለሰልስ የተቆረጠ እምቡጥ አይከፈትም፤ ከለሰለሰ በኋላ ግን ውኃ ውስጥ ይከፈታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በአውራ ጣቴ የሠራሁት ሥራ ነው።

ወደ ቤት ገብቼ መቀሴን ይዤ ወጣሁ።

«አትቁረጪው!» አሉ። «ቃል ገብተሻል እኮ! ያልተቆረጠ ብለሻል!»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ለሚቀጥለው ዓመት…»

«ኦም ኢዛክ፣ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ማን ሰጠን?»

ያ ጣት ወደ እምቡጡ ተዘረጋ።

«አይንኩት!» አልኩ።

ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ። ካቡ ላይ የነበሩት ወፎች ተነሡ። ዶርቲ ከመንገድ ማዶ በሯን ከፍታ ብቅ አለች። ኦም ኢዛክ ጣታቸውን ቀስ ብለው መልሰው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ልክ ሽጉጥ እንደሚመልስ ሰው።

ቆረጥኩት። አገዳውን ባልዲ ውስጥ ነክሬ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨመርኩበት።

«ስኳር?» አሉ በሹክሹክታ። «ለፕሮቲያ?»

«በሕይወት ያለው የእርስዎ ነው፤ የተቆረጠው የእኔ ነው» አልኳቸው። ይህን ሁሉ በአንድ ጠዋት መናገሬ ራሴን ስላስፈራኝ ሻይ ላፈላ ገባሁ።

ከሻዩ በኋላ ግንዱን ከነሥሩ አወጣነው። ሥሩን መነካካት አይወድም፤ ግን ምን ምርጫ አለን? ኦም ኢዛክ እንደ ክርስትና ሕፃን ሁለት እጃቸው ላይ አቅፈው ያዙልኝ፤ እኔ በዝናብ ውኃ ኖራውን አጠብኩት፤ ባልተቀባ ማሰሮ፣ በአዲስ አሸዋና በጥድ ቅርፊት መልሰን ተከልነው። ከዚያ አገዳውን ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ቆረጥኩት። ያበጠ ጉቶ ብቻ ቀረ። ኦም ኢዛክ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ኮፍያዎን ይልበሱ፤ አልሞተም» አልኳቸው። «ልጅ ሆነን ተራራው ሲቃጠል ንጉሥ ፕሮቲያ ከከሰለ ጉቶ ሲያቆጠቁጥ አላየንም?»

«አይተናል» አሉ፤ ግን ኮፍያውን አልለበሱም።

በዚያ ሳምንት እምቡጡን ለማየት በቀን ስድስት ጊዜ ጓዳዬ መጡ፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከበሩ ሳያልፉ። ሐሙስ አንድ ቅጠሉን ገለጠ። ዓርብ ሌላውን። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ የእራት ሳህን ያህል ሆኖ ተከፈተ፤ ዙሪያው ሮዝ፣ መሃሉ የሐር ክር የመሰለ ነጭ። ያን ያህል ዓመት ፕሮቲያ ሳሽግ አንድ ነገር አላየሁም ነበር ለካ፤ እኛ ዘንድ ሁሉም ተዘግቶ ነው የሚሄደው። ተከፍቶ የሚያየው ያ የማላውቀው አገር ሰው ነበር።

እሑድ ጎህ ሲቀድ እናቴ ራስጌ አቆምኩት። የሙዚቃ ጓዱ ሲደርስ ኦም ኢዛክ ዓይናቸው አበባው ላይ ቀርቶ ቱባው ሁለት ቦታ ሳተ፤ መሪው ዞር ብሎ አያቸው። መዝሙሩ ሲያልቅ ቱባውን እንደታቀፉ ወደ መቃብሩ መጡና ጮክ ብለው፣ እናቴ በሕይወቷ ጆሮዋ ከበድ ይል ነበርና እንደዚያው፣ «ታኒ ሮዛሊን! ከነሥሩ ልታመጣልሽ ነበር! ያበላሸሁት እኔ ነኝ!» አሏት። መንደሩ ሁሉ ሰማ። ከዚያ በኋላ ዝቅ አድርገው፣ «ግን አንገቱ አልተሰበረም» አሉ።

እኔም ከዚያ በላይ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ኦም ኢዛክ የሰው ማሰሮ ዳግመኛ አልነካም ብለው ማሉ። ክረምት ገባ፤ ዝናቡ ወረደ፤ በሳሌምስዳል አንድም የጣት ጉድጓድ ጠፋ። መጀመሪያ ሰው አረፈ። ከዚያ ተከፋ። «ማሰሮዬን የሚጎበኘው የለም» አለችኝ ዶርቲ። «ደህና ይሁን ታሞ ይሁን በምን አውቃለሁ?» የመጋቢው ሚስት ሆን ብላ ፒያኖው አጠገብ አዲስ ተክል አስቀመጠች፤ መስኮቱንም ከፈተችላቸው። ቀና ብለው ሳያዩ አለፉ። እኔም በየጠዋቱ ጉቶዬን አያለሁ፤ አፈሩ ድፍን ነው፤ ካቡ ባዶ ነው፤ ሻዬም አልጥም አለኝ።

ስለዚህ በቤተ ክርስቲያኑ ባዛር ዳሩ ሰማያዊ የሆነ ሳህን ገዛሁ። ማሰሮዬን ካቡ ሥር ገፍቼ ሳህኑን ከሥሩ አስቀመጥኩና ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ቆምኩ።

የመጀመሪያው ቀን አለፉ። በሁለተኛው ቀን ቆሙ፤ አሳላቸው፤ አለፉ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጥሎ ሳህኑን ሞላው። መጡ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። በአዲሱ ዓይኔ መንጋጋቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ኮፍያው ካቡን ቀድሞ ተሻገረ። ሳህኑን መነጨቁ፣ ውኃውን ደፉ፣ በብብታቸው ሸጎጡ። ሊሄዱ ሲሉ ዞሩ። ጎንበስ አሉ። ያ ጣት ከኪስ ወጣ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጉቶው አስጠጉ።

«ሲቢላ! ሲቢላ! ነይ ውጪ!»

ከጉቶው ጎን፣ እንደ ክብሪት ራስ ቀይ የሆኑ ሦስት ቡቃያዎች ወጥተዋል።

«አልሞተም!» አሉ። «እኔ ብዬ ነበር!»

«አዎ ኦም ኢዛክ» አልኩ፣ «ብለው ነበር።»

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ባዛር ነበር። የዕቃውን ጠረጴዛ የያዙት ራሳቸው ኦም ኢዛክ ናቸው። ከፊታቸው ሳህን ተቆልሏል፤ አሥራ ስምንት ቆጠርኩ። ከላይ ያለው ዳሩ ሰማያዊ ነው። ያን አነሣሁት።

«ለምንሽ ነው?» አሉኝ።

«ለማሰሮዬ።»

«ከማሰሮ ሥር ሳህን አይቀመጥም!»

«አውቃለሁ» አልኩ።

ከጠረጴዛው ሥር ጋዜጣ ሳቡ። ከዚያ ሳህኑን እንዳይሰበር ደህና አድርገው በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ።